ፌቤንን «ዲያቆን» ያላት ጳውሎስ ነው፦ ዲያቆናዊትን ለሚክደው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን «ዲያቆናዊት የሚባል አገልግሎት ኖሮ አያውቅም» የሚል፣ በቤተ ክርስቲያን ሴት ዲያቆን መኖሯን የሚክድ ጽሑፍ በስፋት ሲዘዋወር ሰንብቷል። ለእኔም ከተለያየ አቅጣጫ ደርሶኛል። ከላኩልኝ መካከል ዕድሜያቸውን በቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ያሳለፉ እናቶች ስላሉበት በዝምታ ላልፈው አልቻልኩም። ጸሐፊው ማንንም አልተሳደቡም፤ ሐሳባቸውንም በግልጽ አስቀምጠዋል። እኔም በዚያው አግባብ ነጥብ በነጥብ እመልሳለሁ።

የጽሑፉ ክርክር ባጭሩ ይህ ነው። አንደኛ፣ በሮሜ 16፥1 ለፌቤን የተነገረው «ዲያኮኖስ» የሚለው የግሪክ ቃል «አገልጋይ» ማለት ብቻ ስለሆነ፣ ፌቤን እንግዳ የምትቀበልና ምግብ የምታቀርብ ደግ ሴት እንጂ የተሾመች አገልጋይ አልነበረችም፤ እንዲያ ቢሆንማ ጳውሎስ «ዲያቆኒሳ» ይላት ነበር። ሁለተኛ፣ በ1ኛ ጢሞቴዎስ 3፥11 «ሴቶች» የተባሉት የዲያቆናት ሚስቶች ናቸው፤ በኋላ ዘመን ዲያቆናዊት የተባሉትም እነዚሁ ሚስቶች ናቸው። ሦስተኛ፣ የኒቅያ ጉባኤ ዲያቆናዊት አንብሮተ እድ (እጅ ተጭኖ መሾም) እንደሌላት ወስኖ ነገሩን ዘግቶታል። አራተኛ፣ ነበሩ ቢባል እንኳ ሥራቸው ሴቶች ሲጠመቁ ልብስ ከመያዝ አያልፍም። አምስተኛ፣ ቃሉን ዛሬ ማንሣት ለሴቶች ቅስና በር መክፈት ነው። ያጎደልኩባቸው አይመስለኝም።

ወደ ምላሹ ከመግባቴ በፊት፣ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልኝ።

ከመጀመሪያው ነጥብ እውነት የሆነውን ልቀበል። ዲያኮኖስ በእርግጥ «አገልጋይ» ማለት ነው። በቃና ሰርግ ጋኖቹን ውኃ የሞሉት ሰዎች በዚሁ ቃል ተጠርተዋል። በሮሜ 13፥4 ሰይፍ የታጠቀው ባለ ሥልጣን፣ በ15፥8 ደግሞ ክርስቶስ ራሱ እንዲሁ ተብለዋል። ስለዚህ «ቃሉ አለ፤ እንግዲህ ሹመት አለ» ብሎ መደምደም አይቻልም። እስከዚህ ድረስ ከጸሐፊው ጋር አንድ ነን።

የምንለያየው ቀጥሎ ባለው እርምጃ ነው። አንድ ቃል ሰፊ ትርጉም ካለው በየቦታው ምን ማለት እንደሆነ የሚነግረን ዙሪያው ነው። በፊልጵስዩስ 1፥1 ቃሉ ከኤጲስ ቆጶሳት ጎን ስለቆመ ሁላችንም «ዲያቆናት» ብለን እናነባለን፤ ጸሐፊውም እንዲሁ ያነባሉ። የፌቤንስ ዙሪያ ምን ይላል? ጳውሎስ ስለ ሌሎች ሲናገር «የእግዚአብሔር አገልጋይ»፣ «የክርስቶስ አገልጋይ»፣ «የአዲስ ኪዳን አገልጋይ» ይላል። ፌቤንን ግን በስም ከታወቀች አንዲት ማኅበር ጋር አያይዞ «በክንክራኦስ ያለችው ቤተ ክርስቲያን ዲያኮኖስ» ነው ያላት። በጳውሎስ መልእክታት ውስጥ ቦታዋ ተጠርቶ የተነገረላት የአንዲት አጥቢያ ዲያኮኖስ የተባለ ሌላ ሰው የለም። እንዲህ ያለው አነጋገር ደግነትን ከመግለጽ ይልቅ ሰውየዋ በዚያች ቤተ ክርስቲያን የያዘችውን ስፍራ ይናገራል።

ቀጥሎ ያለውንም እንመልከት። ክንክራኦስ የቆሮንቶስ የምሥራቅ ወደብ ናት። ከዚያ ተነሥታ ወደ ሮም የምትመጣውን ፌቤንን ጳውሎስ ለሮም ምእመናን አደራ ይላል፤ ለቅዱሳን እንደሚገባ ተቀበሏት፣ በምትፈልገውም ነገር ሁሉ እርዷት ይላቸዋል። መልእክቱን ይዛ የሄደችው እርሷ ናት ብለው ብዙ ሊቃውንት የሚያምኑትም ከዚህ ተነሥተው ነው። ከዚያ ለብዙዎችና ለራሱ ለጳውሎስም «ፕሮስታቲስ» እንደነበረች ይመሰክራል። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «ደጋፊ» ያለው ይህ ቃል በዘመኑ ከለላ ለሚሆን፣ ከሰዎች ፊት ቆሞ ጉዳያቸውን ለሚይዝ ባለ አቅም ይነገር ነበር። ስለ ምግብ ማቅረብ በሁለቱ ቁጥሮች ውስጥ አንድም ቃል አልተጻፈም። ጸሐፊው ያንን ከየት እንዳመጡት አላሳዩም፤ ሴት ስለሆነች ብቻ የተገመተ ይመስለኛል።

በዚህ ነጥብ ላይ ከሁሉ በላይ ያሳዘነኝ ግን የሚዛኑ አንድ አለመሆን ነው። ያው ጽሑፍ ከፍ ብሎ «ዲያቆን እስጢፋኖስና ስድስቱ ዲያቆናት» ይላል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ግን ሰባቱ ሰዎች «ዲያኮኖስ» አልተባሉም። ግሡና «አገልግሎት» የሚለው ስም አሉ፤ የሹመቱ መጠሪያ ግን በምዕራፉ ቀርቶ በመላው የሐዋርያት ሥራ መጽሐፍ አንድ ጊዜ እንኳ አይገኝም። ፊልጶስ በ21፥8 እንደገና ሲነሣ «ከሰባቱ አንዱ የነበረው ወንጌላዊ» ነው የተባለው። እኔ ሰባቱን ዲያቆናት የሚላቸውን የቤተ ክርስቲያን ትውፊት እቀበላለሁ። ነገር ግን ቃሉ ያልተነገረላቸው ወንዶች ዲያቆናት ሲባሉ፣ ቃሉ በቀጥታ የተነገረላት ሴት «አገልጋይ ብቻ» የምትባልበት ሕግ ምንድን ነው? ጢሞቴዎስ፣ ኤጳፍራና ቲኪቆስም በዚሁ ቃል ተጠርተዋል፤ ማንም ከማዕድ ቤት ጋር አያይዟቸው አያውቅም።

«ዲያቆኒሳ» የሚለው ማስረጃ ደግሞ ጭራሽ አይቆምም። ያ የሴት ቅርጽ ጳውሎስ በጻፈበት ዘመን በጽሑፍ አይታወቅም፤ ቀደም ብለው ከሚያሳዩን ምንጮች አንዱ ራሱ የኒቅያ ቀኖና ነው። በግሪክ ዲያኮኖስ ለወንድም ለሴትም አንድ ቅርጽ አለው። አዲሱ ቅርጽ ከመጣ በኋላም አሮጌው አልጠፋም። በደብረ ዘይት ተራራ፣ በኢየሩሳሌም፣ የተገኘ አንድ የመቃብር ጽሑፍ አለ፤ ያረፈችውን ሴት የክርስቶስ አገልጋይና ሙሽራ ካላት በኋላ «ሶፍያ፣ ዲያቆን፣ ሁለተኛዪቱ ፌቤን» ይላታል። ያንን ድንጋይ ያስቀረጹት ሰዎች ግሪክኛን አፋቸውን የፈቱበት ናቸው፤ ፌቤንን የሚያውቋት እንደ ዲያቆን ነው፤ የራሳቸውንም ዲያቆን በእርሷ ስም አከበሩ። በ3ኛው ክፍለ ዘመን ኦሪገን ይህንኑ ቁጥር ሲተረጉም፣ ሴቶችም በቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ይሾሙ እንደነበር በሐዋርያ ሥልጣን የሚያስተምር ነው ብሏል። ዮሐንስ አፈ ወርቅም ጳውሎስ ፌቤንን ሲጠራ ማዕርጓን ጨምሮ እንደጠቀሰ ልብ ብሏል።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ። «ሴቶች» ተብሎ የተተረጎመው «ጊኔ» የሚለው የግሪክ ቃል ሴትም ሚስትም ማለት ነው፤ ቁጥር 12 ደግሞ ስለ ዲያቆናት ትዳር ይናገራል። ስለዚህ የሚስቶች ንባብ የማይታሰብ አይደለም፤ ዛሬም ይህን የሚይዙ ጠንቃቃ ሊቃውንት አሉ። ቢሆንም ግሪኩ «ሚስቶቻቸው» አይልም፤ «እንዲሁም ሴቶች» ነው የሚለው፤ የአማርኛውም ትርጉም እንዲሁ ጠብቆታል። ይህ «እንዲሁም» በቁጥር 8 ከኤጲስ ቆጶስ ወደ ዲያቆናት ሲሻገር የተጠቀመበት ቃል ነው፤ አንዱን የአገልጋዮች ወገን ጨርሶ ወደ ሌላው ሲያልፍ የሚናገረው። ደግሞስ የዲያቆን ሚስት ጠባይዋ ይህን ያህል ካስጨነቀ የኤጲስ ቆጶሱ ሚስት ለምን ሳትነሣ ታለፈች? በዚያ ዘመን ኤጲስ ቆጶሱም «የአንዲት ሚስት ባል» እንዲሆን ነው የታዘዘው። አፈ ወርቅ በዚህ ክፍል ላይ በሰጠው ስብከት፣ አንዳንዶች ይህ ስለ ሴቶች በጠቅላላው የተነገረ ይመስላቸዋል፤ እንዲያ አይደለም፣ የዲያቆናዊትነት ማዕርግ ስላላቸው ነው ይላል።

በኋላ ዘመን ቃሉ «የዲያቆን ሚስት» ማለት የሆነበት ቦታ አለ፤ ይህንም አልክድም። በ567 በጎል ምድር (በዛሬዪቱ ፈረንሳይ)፣ በቱር የተሰበሰበው ጉባኤ ቄስን ከ«ቄሲቱ»፣ ዲያቆንን ከ«ዲያቆኒሳው» ጋር አያይዞ ሲጠራ ስለ ሚስቶች ነው የሚናገረው። ከዚህ ተነሥቶ ሁሉንም ሚስቶች ማድረግ ግን አይቻልም። በ451 የተሰበሰበው የኬልቄዶን ጉባኤ 15ኛ ቀኖና ሴት 40 ዓመት ሳይሞላት ዲያቆን ሆና እንዳትሾም፣ ያውም በጥንቃቄ ከተመረመረች በኋላ እንድትሾም ያዛል፤ እጅ ተጭኖባት ጥቂት ካገለገለች በኋላ ብታገባ እርሷም ያገባትም ሰው እንዲወገዙ ይወስናል። ማግባት የሚያስወግዛት ሴት የዲያቆን ሚስት ናት ማለት እንዴት ይቻላል? ኬልቄዶንን የማንቀበል ምእመናን ቀኖናው አያስገድደንም፤ እዚህ የጠቀስኩት ግን በዘመኑ የነበረውን ልማድ ስለሚመሰክር ነው። ሰው ካስፈለገም በቁስጥንጥንያ የነበረችው ኦሎምፒያስ አለች። ባሏ የከተማይቱ ሹም ነበር፤ ከሞተባት በኋላ እንደገና አላገባችም፤ ፓትርያርኩ ንክታርዮስ ዲያቆናዊት አድርጎ ሾማት። አፈ ወርቅ ከስደቱ የጻፈላት 17 ደብዳቤዎች ዛሬም አሉ።

ሦስተኛው የጽሑፉ ዋና ምሰሶ ነው። ብዙ ሰው እየቀዳ የሚያሰራጨውም ይህንኑ የኒቅያ ዓረፍተ ነገር ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ልየው።

የ325ቱ ጉባኤ 19ኛ ቀኖና ርእሰ ጉዳዩ ዲያቆናዊት አይደለችም። የሚናገረው በ3ኛው ክፍለ ዘመን በኑፋቄ ከተወገዘው የአንጾኪያ ኤጲስ ቆጶስ፣ ከጳውሎስ ሳምሳጢ ተከታዮች ወገን ወደ ቤተ ክርስቲያን ስለሚመለሱ ሰዎች ነው። እነዚህ ሰዎች እንደገና ይጠመቁ ይላል። ቀድሞ በካህናት ቁጥር የነበሩት ከተጠመቁ በኋላ ነቀፋ ካልተገኘባቸው በቤተ ክርስቲያኑ ኤጲስ ቆጶስ ይሾሙ፤ ብቁ ካልሆኑ ይሻሩ ይላል። ወዲያው ቀጥሎ «ስለ ዲያቆናዊያትም፣ በጠቅላላውም በካህናት መዝገብ ስለተቆጠሩት ሁሉ ይኸው ሥርዓት ይጠበቅ» የሚል ሐሳብ ይመጣል። ጸሐፊው የጠቀሱት የመጨረሻው ክፍል ከዚህ በኋላ የሚገኝ ነው፦ ልብሱን የለበሱትን ዲያቆናዊያት ያነሣናቸው አንዳች አንብሮተ እድ ስለሌላቸው ነው፤ ስለዚህ በምእመናን መካከል ይቆጠሩ።

ይህ የመጨረሻ ክፍል ከባድ ነው፤ ሊቃውንትም ተከራክረውበታል። ከቅርብ አውዱ የሚቀናው ንባብ በሳምሳጢ ወገን ልብሱን ለብሰው ሳይሾሙ ስለቆዩት ሴቶች የሚናገር መሆኑ ነው። ጸሐፊው እንዳሉት በየትም ስላሉት ሁሉ ነው ብንል እንኳ፣ ከዚያ የሚገኘው በ325 ዲያቆናዊያት አልተሾሙም የሚል እንጂ አልነበሩም የሚል አይደለም። ያው ቀኖና በስማቸው እየጠራቸው፣ ልብሳቸውን እያነሣ፣ «ኖሮ አያውቅም» ለሚል ርእስ እንዴት ማስረጃ ይሆናል?

ኒቅያ ነገሩን እንዳልዘጋው ደግሞ ከዚያ በኋላ የሆነው ይናገራል። በ4ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በሶርያ የተጠናቀረው «የሐዋርያት ሥርዓት» የተባለ የቤተ ክርስቲያን ደንብ ስብስብ በ8ኛው መጽሐፉ የዲያቆናዊት ሢመት ጸሎት አለው። ኤጲስ ቆጶሱ ቀሳውስት፣ ዲያቆናትና ዲያቆናዊያት ቆመው ሳለ እጁን ይጭንባታል። ጸሎቱ ወንድንና ሴትን የፈጠረውን፣ የሙሴን እኅት ማርያምን፣ ዲቦራን፣ ሐናንና ሕልዳናን በመንፈስ የሞላውን አምላክ ይጠራል። ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ የእኅቱን የመቅሪናን ሕይወት ሲጽፍ ላምፓድዮን የምትባል ዲያቆናዊት የደናግሉ ማኅበር ኃላፊ እንደነበረች ያነሣል። በ535 ንጉሠ ነገሥት ዩስቲንያኖስ የታላቋን ቤተ ክርስቲያን የሐጊያ ሶፍያን አገልጋዮች ቁጥር በሕግ ሲወስን 60 ቀሳውስት፣ 100 ወንዶች ዲያቆናት፣ 40 ዲያቆናዊያት፣ 90 ንፍቀ ዲያቆናት እያለ ይቀጥላል። በሕግ ቁጥር የተወሰነላቸው 40 ሴቶች በካህናቱ ዝርዝር መካከል ተቀምጠዋል።

ከኒቅያ በፊትም ባዶ አልነበረም። በ112 ገደማ በትንሿ እስያ የምትገኘው የቢታንያ ሮማዊ ገዥ የነበረው ታናሹ ፕሊኒ ለንጉሠ ነገሥት ትራጃን ሲጽፍ፣ በክርስቲያኖች ዘንድ «አገልጋዮች» ይባሉ የነበሩ ሁለት ባሪያ ሴቶችን አሠቃይቶ እንደመረመረ ይናገራል። የላቲኑ ቃል «ሚኒስትሬ» ነው። ስለ ማኅበሩ እውነቱን ለማውጣት የመረጣቸው እነርሱን ነው፤ «ይባሉ የነበሩ» ማለቱም መጠሪያው በማኅበሩ ዘንድ የታወቀ እንደነበር ያሳያል። ግሪኩ ቃል የትኛው እንደነበር ከዚህ ብቻ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም፤ ስለዚህ ብቻውን እንዲቆም አላደርገውም።

ጸሐፊው ሊጠቅሱት ይችሉ የነበረ፣ ከኒቅያ የሚበረታላቸው ማስረጃም አለ። በ441 በጎል ምድር በኦራንዥ የተሰበሰበው ጉባኤ ዲያቆናዊያት ፈጽሞ እንዳይሾሙ ከልክሏል፤ በ517 ኤፓኦን፣ በ533 ኦርሌአን ተከታትለዋል። በምዕራብ ይህ አገልግሎት ተቃውሞ እንደገጠመው ግልጽ ነው። በሦስት ጉባኤያት የተከለከለ ነገር ግን የነበረ ነገር ነው።

አራተኛውን ነጥብ በተመለከተ፣ የዲያቆናዊት ሥራ ከወንዱ ዲያቆን የጠበበ እንደነበር እቀበላለሁ። ያው የሐዋርያት ሥርዓት ዲያቆናዊት አትባርክም፣ ቀሳውስትና ዲያቆናት ከሚሠሩት አትሠራም፣ በር ትጠብቃለች፣ በሴቶች ጥምቀት ጊዜ ስለ ጨዋነት ቀሳውስቱን ትረዳለች ይላል። ያዕቆብ ዘኤዴሳም የመሠዊያ ሳትሆን የታመሙ ሴቶች አገልጋይ እንደሆነች ጽፏል። ሳዊሮስ ዘአንጾኪያ ደግሞ በተለይ በገዳማት ሢመቱ ለምሥጢራት አፈጻጸም ከሚያስፈልገው ይልቅ ለክብር ሲባል የሚሰጥ እንደሆነ ይገልጻል። እነዚህን ቃላት አላለሳልስም።

ግን «ልብስ መያዝ» ከየት መጣ? በ3ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈውንና በግእዝ ተተርጉሞ ከቤተ ክርስቲያናችን መጻሕፍት አንዱ የሆነውን የዲድስቅልያን ትምህርት እንይ። በዚያ ዘመን የሚጠመቅ ሰው ልብሱን ሁሉ አውልቆ መላ ሰውነቱን በዘይት ይቀባ ነበር። ኤጲስ ቆጶሱ የሴቲቱን ራስ ይቀባል፤ ሰውነቷን የምትቀባው ዲያቆናዊት ናት። ከውኃው ስትወጣ የምትቀበላትም፣ የጥምቀት ማኅተም በንጽሕና እንዴት እንደሚጠበቅ የምታስተምራትም እርሷ ናት። ወንድ ቢገባ ሐሜት በሚነሣበት በአሕዛብ ቤት የምትኖር ክርስቲያን ሴት ስትታመም ገብታ የምታጥባትና የሚያስፈልጋትን የምታደርግላት ዲያቆናዊት ናት። ያ መጽሐፍ ዲያቆንን በክርስቶስ ምሳሌ፣ ዲያቆናዊትን በመንፈስ ቅዱስ ምሳሌ አክብሩ ይላል። ልብስ ያዥ ብቻ ለሆነች ሴት እንዲህ ያለ ምሳሌ ይሰጣል ብዬ አላምንም።

በ8ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈ አንድ የቁስጥንጥንያ የጸሎት መጽሐፍ ደግሞ ሢመቷን ደረጃ በደረጃ ያሳያል። በቅዳሴው መካከል ወደ መሠዊያው ትቀርባለች። ወንዱ ዲያቆን በአንድ ጉልበቱ ሲንበረከክ እርሷ ቆማ ራሷን ብቻ ታጎነብሳለች። ኤጲስ ቆጶሱ እጁን ጭኖ ይጸልያል፤ ኦራርዮን የሚባለውን የዲያቆናት መለያ ከመሸፈኛዋ ሥር በአንገቷ ያኖርና ሁለቱን ጫፎች ወደ ፊት ይመልሳቸዋል። ከቆረበች በኋላ ጽዋውን ይሰጣታል፤ እርሷ ግን ለሕዝብ አታቀብልም፣ ተቀብላ በመሠዊያው ላይ መልሳ ታስቀምጠዋለች። በዚህ ሥርዓት ልዩነቱም አንድነቱም በግልጽ ይታያል። ጸሐፊው ልዩነቱን ብቻ ይዘው አንድነቱን ጣሉት፤ ዲያቆናዊት ከወንዱ ዲያቆን በምንም አትለይም የሚሉ ሌሎች ደግሞ በተቃራኒው ይሳሳታሉ።

አምስተኛው ነጥብ ብዙ አያቆየኝም። ቃሉን ለሌላ ዓላማ መወጣጫ ሊያደርጉት የሚፈልጉ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ የጸሐፊው ስጋት ከባዶ አልተነሣም። ነገር ግን ስጋት ያለፈውን ታሪክ አይለውጥም። የተግባር ምሳሌዎቹም ስጋቱን አያረጋግጡም። የአርመን ቤተ ክርስቲያን ዲያቆናዊያትን ለዘመናት አቆይታለች፤ ሴት ቄስ የላትም። በ1911 ጳጳሱ ኔክታሪዮስ በግሪክ፣ በኤጊና ደሴት ባለው ገዳሙ ዲያቆናዊት ሾሟል፤ የግሪክ ቤተ ክርስቲያን ዛሬ በቅዱስነት ታከብረዋለች። በኮፕት ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ሺኖዳ 3ኛ ዘመን ራሳቸውን ለአገልግሎት የለዩ ሴቶች በዚሁ ስም ተቀድሰው ድሆችንና ሕሙማንን ያገለግላሉ። በ2024 የእስክንድርያ የግሪክ ፓትርያርክ በዚምባብዌ ዲያቆናዊት ሲያስሾም የተሰጠው ምክንያት የአጥቢያዎቹ የአገልግሎት ፍላጎት ነው። በፕሮቴስታንቱም ዓለም በ1836 በጀርመን በካይዘርስቨርት የተጀመረው የዲያቆናዊያት ቤት ነርሶችንና አስተማሪዎችን ያፈራ ነበር። ሴት ቄስ ይሁን አይሁን የሚለው ጥያቄ የራሱ መጻሕፍትና የራሱ ክርክር አለው፤ እዚያው ይመለስ።

ዲያቆናዊትን ዛሬ መመለስ ወይም አለመመለስ የየቤተ ክርስቲያኑ ሲኖዶስና ጉባኤ ሥልጣን ነው፤ ጸሐፊው «አያስፈልግም» ቢሉ ሐሳባቸውን አከብራለሁ። ያልተቀበልኩት «ኖሮ አያውቅም» ማለታቸውን ነው። ጽሑፋቸውን በሙሉ እንዲመልሱ አልጠይቃቸውም። የኒቅያውን ቀኖና ግን ከመካከሉ ቆርጠው ስለጠቀሱት፣ በብዙ ሺህ ሰው እጅ የገባውም ያ ቁራጭ ስለሆነ፣ ቀኖናውን ከመጀመሪያው መሥመር እስከ መጨረሻው ባሉበት ቦታ እንዲያወጡት በአክብሮት እለምናቸዋለሁ።